ከጋቢ ሥር የቀረችው ጣት

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ዳዊት ፓፓያ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣና ግቢያችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። ፓፓያ ይዞ ከመጣ የሚፈልገው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ለካ ቤት ሊገዛ ኖሯል፤ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ባለ ሁለት ክፍል።

«ሃምሳ ሺህ ያወጣል፤ ግን ሴትዮዋ ባሏ ሆስፒታል ተኝቶባት ነው የምትሸጠው፤ ቸኩላለች» አለኝ። «አባባ፣ ስንት ብዬ ልጀምር?»

ፓፓያውን ልቆርጥ ያነሳሁት ቢላዋ እጄ ላይ ቀረ። ስለ ዋጋ ከአንድ ሰው ጋር የተነጋገርኩት በዚሁ ዛፍ ሥር ነበር፤ ያውም ያለ አፍ።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከደብረ ሲና በላይ የነበረው ቤታችን ተቃጥሎ፣ አባቴም በዚያው ዓመት ሞቶ፣ ከእናቴ ጋር ወደ ቆላ ወረድን። ደገኛ ሰው በሚያዝያ ሮቢት ሲወርድ ምድጃ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው። ምግቡም፣ አየሩም፣ የሌሊት ትንኙም እንግዳ ሆነብን። ዘመድ ቤት የፍየል ጉረኖ አጠገብ አስጠጉን። ክረምት ሳይገባ የራሳችን ጣራ ካላገኘን ንዳድ እንደሚጨርሰን እናቴ ታውቅ ነበር፤ ማታ ማታ ስስል እየሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። የነበረን ሀብት ስልሳ ጠገራ ብር ነው። የአባቴን በቅሎና የራሷን የብር ድሪ ሸጣ ያገኘችው ሲሆን፣ ማሾ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብራዋለች።

አያሌው የሚባል ደላላ ይህን ቤት አገኘልን። የጥጥ ነጋዴው የሀጂ ይመር ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጓዳው ቀዝቃዛ፣ ደጁ ላይ ይኸው ቁርቁራ። ማንም ቢገምተው ከሰባ ብር አያንስም።

«ሰባ ማን ይከፍላል!» አለኝ አያሌው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ። «ልጃቸው ኡመር ለአርበኞች ጨው አቀብለሃል ተብሎ ታስሯል። የጣሊያኑ ካምፕ አስተርጓሚ አርባ ካልሰጡኝ ልጅዎ ዓርብ በካሚዮን ይወሰዳል ብሏቸዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አርባ ያዝና ዝም በል፣ ይቀበላሉ።»

እናቴ ይህን አታውቅም። «ከሠላሳ ጀምር፤ እስከ ሃምሳ ሂድ» አለችኝ። «አሥሩ ለክረምት እህል ይበቃናል።» ደላላው የነገረኝን አልነገርኳትም። ብነግራት ምን እንደምትል ስለማውቅ ይመስለኛል። ደግሞም አሥር ብር አትርፌ ገብቼ ላኮራት ፈልጌ ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ወንድነቴን የማሳይበት ነገር አጥቼ ነበርና።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ቁርቁራው ሥር ተቀመጥን። ሀጂ ጋቢያቸውን በእጆቻችን ላይ ጣል አደረጉት። ይህ የግመልና የከብት ገበያ ደንብ ነው። ገዥ በልብስ ሥር የሻጭን ጣቶች ይይዛል፤ አንዱ ጣት አሥር ብር ነው። ካነሰው ሻጩ እጁን ይነጥቃል፤ ካልነጠቀ ተቀብሏል። ዋጋ በአፍ አይወጣም፤ ደላላው እንኳ የሚያውቀው ነገሩ ሲያልቅ ነው። ድሮ ቤት እንዲህ አይሸጥም ነበር። ጣሊያን ጠገራ ብሩን ትታችሁ በሊሬ ተገበያዩ ካለ ወዲህ ግን ሰዉ ድርድሩን ሁሉ ከጋቢ ሥር ከተተው።

ሦስት ጣት ያዝኩ። ሀጂ ነጠቁ። አራት ያዝኩ።

በዚህ መሀል አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ። ጠመንጃ ያነገተ ባንዳ ከመንገዱ ታጥፎ ወደኛ ይመጣ ነበር። ልከፍል ያመጣሁት ጠገራ ብር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከተፈተሸ ብሩም እኛም እንወሰዳለን። እጃችንን ብንለያይ ይጠረጥራል፤ ስለዚህ እንደተያያዝን ቀረን።

«ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?»

«ልጅ እያጨን ነው፣ ጌታዬ» አለ አያሌው። «ይኼ ሙሽራው ነው፤ አፍሮ ነው ላብ በላብ የሆነው።»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀና ከመሬት ቁርቁራ ለቅሞ፣ እየቆረጠመ ቆመ። ፍሬውን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ የሀጂ እጅ በእጄ ውስጥ ነበር። ድንጋዩ በሚግልበት በዚያ ቀን እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር። አራቱን ጣቶች ይዣለሁ። ትንሿ ብቻዋን ቀርታ መዳፌን ትነካኛለች። እሷን ለመጨመር እጄን ማጠፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እናቴ ፈቅዳለች፤ ብሩም አለ።

አላጠፍኩም። ሀጂም አልነጠቁም።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ ባንዳው ከራቀ በኋላ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «አላህ ኸይር የምታይበት ቤት ያድርግልህ፣ ልጄ።»

ያን ማታ እናቴ ግንባሬን ስማ መረቀችኝ። ሐሙስ ገባን።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሀጂ መጡ። ሲገቡበት ሲወጡበት በኖሩት ደጅ ቆመው፣ እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ።

«ልጄ፣ አርባውን ለአስተርጓሚው ሰጠሁት። 'ቤት የሸጠ ሰው አሥር አያጣም፣ ሃምሳ አድርገው' አለኝ። ካሚዮኑ ሊነሳ ነው። ወላሂ ጥጤን ሸጬ እመልስልሃለሁ።»

ማሰሮው ከኋላዬ፣ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ሃያ ብር አለበት። እኔ ግን «ብሩ የእናቴ ነው፤ ወንዝ ወርዳለች፣ ልጠይቃት» አልኩ። ሀጂ አልለመኑኝም። «ጠይቃት» ብለው ከደጃፉ ቁጢጥ አሉ።

ወደ ሮቢ ወንዝ ሄድኩ። ሮጬ አልሄድኩም፤ በእርምጃ ነው የሄድኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እናቴ እንስራዋን ሞልታ ልታዝል ስትል ደረስኩና ነገርኳት።

«ልጁ መታሰሩን ስትገዛ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ሃምሳ ብዬህ?»

እንስራውን እዚያው ጥላ ሮጠች። ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቤት ስትደርስ በእጇ ፈልጎ ማውጣቱ ዘገየባትና ማሰሮውን ወለሉ ላይ ሰበረችው። ከማሾው መሀል ብሩን አፍሳ ከሀጂ ጋር ወደ ካምፑ በረረች፤ እኔም ተከተልኳቸው። ስንደርስ በደብረ ሲና መንገድ ላይ አቧራው ገና አልሰከነም ነበር። ካሚዮኑ ግን የለም።

ኡመር አልተመለሰም። የት እንዳደረሱትም የነገረን የለም።

ያን ክረምት ዝናቡ በደጃፉ እየገባ ወለሉን ሲያርሰው፣ ከስንጥቁ ውስጥ የቀረው ማሾ በቀለ። እናቴ አልነቀለችውም፤ እኔንም እንዳልነቅል ከለከለችኝ። እስክትሞት ድረስ «ቤታችን» ብላ አታውቅም። «የሀጂ ቤት» ነበር የምትለው፣ በእንግዳም ፊት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከሰባው የጎደለውን ሠላሳ ብር ቋጥሬ፣ ሀጂ ከሴት ልጃቸው ጋር ወደሚኖሩበት ወደ ጀውሃ ሄድኩ። የማሽላ ቂጣና እርጎ አቀረቡልኝ። ብሩን ሳወጣ እጄን መልሰው አጠፉት።

«መርቄ የሸጥኩትን ቤት ዋጋ ዳግመኛ አልቀበልም» አሉ። «ልጄን የወሰዱት እነሱ ናቸው፣ አንተ አይደለህም።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ቂጣውን መዋጥ አቅቶኝ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ።

ይህን ሁሉ ለዳዊት ነገርኩት። ፓፓያው ሳይቆረጥ ዝንብ ወሮታል። ቁርቁራው አርጅቷል፣ እንደኔው፤ ግን ዛሬም ያፈራል። ዳዊት ዝንቡን በእጁ አባረረና፣ «ታዲያ ስንት ልበላት፣ አባባ?» አለኝ።

ጋቢዬን በእጃችን ላይ ጣል አደረግኩት። «አንዱ ጣት አሥር ሺህ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሦስቱን ያዝኩ። አራተኛውን ስጨምር ሳቁን ተወ።

ትንሿን ጣት ስይዛት እጁን ሊነጥቅ ሞከረ። አልለቀቅኩትም።