ሚዳቋዋ የተመለሰችበት ማሳ

ቅዳሜ ድንኳን ሊተከል ነው። የእድሩ ዳኛ እሺ ብለዋል፤ ወንበሩም ብረት ድስቱም ይወጣል ተብሏል። የቀረው የበቀለች አንድ ቃል ብቻ ነው።

የሚለቀሰው ለልጇ ለማህደር ነው። ማህደር ሪያድ ሰው ቤት ልትሠራ ስትሄድ ገና ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን አርብ አርብ ትደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ስልኩ ጭራሽ ዝግ ሆነ። አብራት የነበረች አንዲት የሮቤ ልጅ ስትመለስ፣ «ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ጠፋች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት ሰው የለም» አለች። በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው። መርዶ አልመጣ፣ ሬሳ አልመጣ፣ ልጅቱም አልመጣች።

«እትዬ፣ ሦስት ዓመት ሞላው እኮ» ይላታል ባንተአምላክ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። ክፉ ሰው አይደለም። ጣሪያዋ ሲያፈስ የሚወጣላት እሱ ነው። «ፍትሐት ሳይደረግላት ነፍሷ ትንከራተት? እናልቅስና ይውጣልን።»

«ቃርሚያው ይለፍና እነግርሃለሁ» አለችው። ሰበብ አጥታ ነው እንጂ ቃርሚያው ምንም የሚያግድ አልነበረም።

ውስጥ ውስጡን የሚበላት ደግሞ ሌላ ነው፤ ጸሎት ጠፍቶባታል። ማርያም ደጅ ሄዳ ትቆማለች፣ የልጇን ክርስትና ስም ትጠራለች፤ «ወለተ ሰንበትን…» ትልና እዚያው ላይ ትቀራለች። «በሰላም መልሺልኝ» እንዳትል፣ ሞታ እንደሆነስ? «ነፍሷን አስምሪልኝ» እንዳትል፣ እናት በገዛ አፏ ልትቀብራት ነው? ተሳልማ ትመለሳለች። ይህንን ለንስሐ አባቷ እንኳ አልነገረችም፤ ታፍራለች።

ታህሳስ ገባ። ኮምባይነሩ ወደ ጢቾ በሚወስደው መንገድ ላይ የገበሬውን የቱሳን ስንዴ ሊያጭድ ነው ሲባል፣ በቀለች ማዳበሪያዋን ጠቅልላ ከጎረቤቷ ከሶፊ ጋር በጠዋት ወጣች። የከተማው ሴቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ማሽኑን ይከተሉና የጣለውን ዛላ ይቃርማሉ። ማሽኑ ሳይጨርስ ግን ማሳ መግባት ነውር ነው። ዳር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ኮምባይነር ከዳር ጀምሮ ዙሪያውን እየዞረ ነው የሚያጭደው። ሲዞር ሲዞር ስንዴው እየጠበበ ይሄድና መጨረሻ ላይ መሀል ሜዳ የአንድ ሰው ግቢ የምታህል ትቀራለች። ስንዴው ውስጥ ያደረ አውሬ ሁሉ ድምፁን እየሸሸ እዚያች ውስጥ ይሰበሰባል፤ ጥንቸልም ይሁን ቆቅ፣ አንዳንዴም ሚዳቋ። ያኔ ጎረምሶቹ ዱላና ውሻ ይዘው ይከባሉ።

«እማማ በቀለች!» አለ አክመል፣ ጆንያ ጫኚው፣ ዱላውን እያወዛወዘ። «ዛሬ ሚዳቋ ከወጣ አንድ እግሩ የእርስዎ ነው!»

«ጾም ነው፣ አንተ ከይሲ» አለች ሶፊ።

«የእናንተ ጾም እኔን ምን አገባኝ?»

«በዱላ የሞተስ ላንተ መቼ ሃላል ሆነ?»

«ሳይሞት ቢላዬን ይዤ እደርሳለኋ!»

«አንተ? አንድ ጆንያ ጭነህ እስክትመለስ እኮ ሰው ምሳውን በልቶ ይተኛል!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። በቀለችም ሳቀች። በዚያው ቅጽበት «ወጣች!» የሚል ጩኸት ተነሳ።

ሚዳቋ ነበረች። ከስንዴው ተወርውራ ወጣች፣ በሁለት ውሾች መሀል ሾለከች፣ ገለባውን እየዘለለች ወደ ባህር ዛፉ ገባች። ውሾቹ ምላሳቸውን አውጥተው ተመለሱ። ጎረምሶቹ ተራገሙ፤ ሴቶቹ በአክመል ሙድ ያዙበት። ፍሰሐም፣ የኮምባይነሩ ሹፌር፣ ያቺን የቀረችዋን ሊወስዳት ማሽኑን አዞረ።

ሚዳቋዋ ግን ተመለሰች።

ሰው ሁሉ ሄደች ብሎ ፊቱን ሲያዞር፣ በባህር ዛፉ ጥግ ዞራ ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል መጣች። በቀለች ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ቆማለች፤ እጅ ቢዘረጋ ሊነካት ምንም አይቀረው። ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል። ጆሮዋ ላይ ደም አለ፣ ውሻው ደርሶባት ኖሯል። በቀለችን አየቻት። ፍርሃቱ ነበረ፣ ግን ከፍርሃቱ የበለጠ ነገር ይዟታል። ከዚያ በበቀለች ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ስንዴዋ ተመለከተች፤ እንደ ማስነጠስ ያለ አጭር ድምፅ አሰማች፤ ጆሮዋን አቀናች። ዝም ብላ አዳመጠች።

በቀለች ይህንን አቋቋም ታውቀዋለች፤ ልጅ የጠፋባት እናት አቋቋም ነው።

«እንዴ፣ በቀለች! ወዴት ነው?» አለች ሶፊ።

በቀለች ማሳውን እያቋረጠች ነው። ኮንጎ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። ኮምባይነሩ ፊት ደረሰችና ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች።

ፍሰሐ ፍሬን ያዘ። «ሴትዮ ምን ነካሽ? ሞት አማረሽ?»

«ውስጥ ልጅ አላት!»

«ዲሲ! ተው! ውሾቹን ያዙ!» ብሎ ቱሳ እየሮጠ መጣ። ዱላውን ጣለና ስንዴውን በእጁ እየገለጠ ገባ።  ቆይቶ ወጣ።

«አዴ በቀለች፣ ምንም የለም።»

«በደንብ አይተዋል ኦቦ ቱሳ?»

«ነይ ራስሽ እዪው።»

ገባች። መሀል ላይ ስንዴው ክብ ሆኖ ተኝቷል፣ የአንድ ትንሽ ነገር መኝታ የሚያህል። እጇን አሳረፈችበት። ይሞቃል። የፀሐዩ ሙቀት ይሁን የገላ፣ መለየት አልቻለችም። ብዙ ቆየች እንደዚያው እጇን አድርጋ።

«ወይ ቀበሮ በልቶታል፣ ወይ ቀድሞ አምልጧል» አለ አክመል። አሁን ቀልድ የለም ድምፁ ላይ። «እናትየዋ በከንቱ ነው የምትለፋው።»

 ቱሳ እጁን አነሳ፤ ፍሰሐ አጨደው። የመጨረሻዋ ስንዴ ገብታ አለቀች።

ሴቶቹ ለቃርሚያ ገቡ። ሚዳቋዋም ገባች። ሰው ቢኖርም ምንም አልመሰላት፤ በባዶው ማሳ ላይ አፍንጫዋን መሬት አስነክታ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ያችን ድምፅ ታሰማለች፣ ታዳምጣለች። በቀለች ከኋላዋ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። አንዲት ዛላ ታነሳለች፣ ቀና ትላለች፣ ታያታለች።

ይህች ፍጥረት «ና» አላለችም። «ደህና ሁን» አላለችም። ልጇ የት እንዳለ አታውቅም፤ ሳታውቅ ነው የምትጠራው። ጠርታ ደግሞ ዝም ትላለች፣ ለመስማት።

«ወለተ ሰንበት» አለች በቀለች። ማዳበሪያዋን እንደያዘች፣ በአንድ ጫማዋ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። አላጎደለችምም። እንባዋ እየወረደ ዝም ብላ አዳመጠች፤ ነፋሱ ገለባውን ያንኮሻኩሻል፣ ማሽኑ ርቆ ይጮሃል። እመቤታችን እዚያ ማሳ ላይ ከጎኗ የቆመች መሰላት። መልስ ይዛ አይደለም። እሷም እያዳመጠች።

ቀና ስትል ሚዳቋዋ ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ሄዳለች።

ማታ ባንተአምላክ መጣ። ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እሺ እትዬ፣ ለዳኛው ምን ልበል?» አላት።

«ድንኳኑ ይቅር።»

«ደወለች እንዴ?!» ብድግ አለ።

«አልደወለችም።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

በቀለች ምን ትበለው። «ሚዳቋ አየሁ» አለችው።

«ሚዳቋ።»

«አዎ።»

«እትዬ፣ ፀሐይ መቶሻል።»

«መቶኝ ይሆናል።»

«በሕይወት አለች ነው የምትዪኝ?»

«አላውቅም፣ ባንቴ። እንደማላውቅ ነው የምነግርህ። አላውቅም ብዬ እጠራታለሁ። ከቀበርኳት ግን መጥራቱንም ልተወው ነው።»

ተናደደ። እድሩ መሳቂያ ሊያደርገው ነው፤ ከኦጎልቾ የሚመጡት ዘመዶች ጉዞ ጀምረው ይሆናል። ተናገረ ተናገረና ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። ኮፍያውን አውልቆ ፊቱ ላይ ያዘው።

«እኔም እኮ…» አለ ከኮፍያው ውስጥ። «አንገቴ ላይ ተሸክሜ ነው ያሳደግኳት። አንድ ቀን እንኳ አላለቀስኩላት። ወንድ ልጅ ያለ ድንኳን የት ሄዶ ያለቅሳል?»

በቀለች ለካ ይህንን አስባው አታውቅም። ዱካውን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አልቅስ» አለችው። «ማን ከለከለህ? እዚህ አልቅስ። ድንኳን ብቻ አትትከልባት።»

አለቀሰ። እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ ጀርባውን ዳበሰችው። ከውጪ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ አቀበቱን እያቃሰተ ወደ በሩ ቀረበ። ሁለቱም እኩል ቀና አሉ።

ባጃጁ ሳይቆም አለፈ።