ዱላውን መሬት ማስነካት

የልጅ ልጄን ከካራቴ ልምምድ ልወስዳት ንፋስ መውጫ ከተማ፣ አዳራሹ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ተሰልፈው አየር ይመታሉ። አሠልጣኙ «ካታ» ይለዋል፤ ሁልጊዜ ያው እርምጃ፣ ያው ምት ነው። ከመጀመራቸው በፊት ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። እሱን ሳይ ወንድሜ ትዝ ይለኛል።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ስማዳ ሳለን፣ አጎታችን አያ ቢምር ወንድሜን ታፈረን የዱላ ምክቶሽ ያስተምሩት ነበር። የገብስ እብቅ በሚሸተው አውድማ ላይ ታፈረ ብቻውን ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ የሚመጣ ዱላ እንዳለ ሁሉ ይመክታል። መጀመሪያ ግን የዱላውን ጫፍ መሬት አስነክቶ ራሱን ዝቅ ማድረግ አለበት። ከረሳው አጎቴ እንደገና ያስጀምሩታል።

«ሰው በሌለበት ለማን ነው እጅ የምነሳው?» አላቸው አንድ ቀን።

«እጅህ ይልመደው። የጠብ ዕለት ልብ ይጠፋል፤ የሚቀርህ የለመደ እጅህ ነው።»

የጠቡ ዕለት ከወገዳ ገበያ ስንመለስ ደረሰ። በወሰን የተጣላን ጎረቤታችን ዱላውን ከፍ አድርጎ መንገዱን ዘጋው። እኔ ጨው ተሸክሜ ከኋላ ነበርኩ። ታፈረ የዱላውን ጫፍ መሬት አስነካ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ። ቀና ሳይል ተመታ። በዚያው ቀረ።

በለቅሶው አያ ቢምር ከሰው ርቀው ተቀምጠው ነበር። ውሃ ይዤላቸው ብሄድ አልተቀበሉኝም።

«አንድ ቀን እንኳ ቢረሳው ምን ነበር» አሉ።

የልጅ ልጄ ላቧን እየጠረገች ወጣች።

«እማማ፣ ዛሬ እጅ መንሳቱን አልረሳሁም፤ አየሽኝ?»

«አየሁሽ» አልኋት።