መጥረቢያ የያዘችው አራስ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሙቀቱ መሬቱን በሰነጠቀበት ሰሞን ነው። ከቆቃ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ያን ቀን የማልረሳው ሰው ከመግደል ለጥቂት ስለተረፍኩ ነው። ያውም በክፋት አይደለም፤ በትምህርት።

ከዚያ በፊት ስለ ሰደድ እሳት ጭስና ስለ ሙቀት አዳማ ላይ ሥልጠና ወስደን ነበር። መቼም አዳማ የስብሰባ አገር ናት። አዳራሹ ማቀዝቀዣ ስለነበረው እኔ ሹራብ ደርቤ ነው ስለ ሙቀት የተማርኩት። “ጭስ ሲመጣ በርና መስኮት ዝጉ፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ድፈኑ” ተባልን። ተመልሼም ቤት ለቤት እየዞርኩ ይህንኑ እንደ ዳዊት ደገምኩ።

እሳቱ የተነሳው እኩለ ቀን ላይ ነው። ለማሳ ምንጣሮ የለኮሱት አምልጦ ደረቁን ሣር ያዘ። ወንዶቹ ቅጠል ይዘው ሊያጠፉ ሮጡ፤ እኔ ደካሞቹን ልይ ብዬ መንደር ገባሁ። መጀመሪያ የሄድኩት አዴ ጫልቱ ቤት ነው። ምራታቸው ሌሊሴ ከወለደች ገና ስምንት ቀኗ ነበር።

በሩ ተዘግቶ ዙሪያው በጨርቅ ተወትፏል። ስገፋው ከውስጥ የወጣው ወላፈን ፊቴን ለበለበኝ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ሌሊሴ ጋቢ ተከናንባ ላቧ ይንጠፈጠፋል። ሕፃኑ ብርድ እንዳይመታው በሦስት ጨርቅ ተጠቅልሏል። ፊቱ ቀልቷል፤ ገላው ይፋጃል። ጡት ሲያስጠጉለት አፉን አይከፍትም።

“አሁኑኑ እናውጣው!” አልኩ።

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ተገተሩ። “ያ ረቢ! ዝጉ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ደግሞ አራስ በዚህ ፀሐይ ወጥታ ምች ይምታት?”

“እኔው ነኝ ያልኩት፤ ተሳስቻለሁ። ጭሱን ከለከልንና ቤቱን ምድጃ አደረግነው። ልጁ እየሞተ ነው፣ አዴ!”

ልጁን አዩ፤ እኔን አዩ። ከበሩ ዞር አሉ፤ ግን በልማዱ አራስ ደጅ የምትወጣው ብረት ይዛ ነው። ቢላዋው ቢፈለግ ጠፋ። አዴ ጫልቱ ጓሮ ሄደው መጥረቢያ አመጡና ለሌሊሴ አስያዟት። ልጁን እኔ ይዤ ወጣን።

የሄድነው ወደ ገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ነው። ከሐይቁ በኩል ስላለ ጭሱ አልደረሰበትም፤ ግንቡ ወፍራም፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ስንደርስ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው የግብርና ሠራተኛው ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ አዳማ ስብሰባ ላይ ነው። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

በዚያች ሰዓት ንዴት እንጂ ፍርሃት አልነበረብኝም። ልጁን ለአያቱ ሰጠሁና መጥረቢያውን ከሌሊሴ ተቀበልኩ።

“በይው፣ ኢንተላ ኮ!” አሉኝ አዴ ጫልቱ። ልጄ ማለታቸው ነው። በሦስተኛው ምት ጓጉንቸሩ ወደቀ።

መስኮቱን ከፈትን፤ ልጁን ፈትተን በእርጥብ ጨርቅ ገላውን ጠራረግነው። ብዙ ቆየ። እናቱ ማልቀስም አልቻለችም። በኋላ እሱ አለቀሰላት፤ ጡቷንም ያዘ። ያን ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጤና ጣቢያ ወስደን ስናሳየው ደህና ነው ተባልን።

የግብርና ሠራተኛው ሲመለስ ተከሰስኩ። “የመንግሥት ንብረት ሰብረሻል፤ ይቅርታ ጻፊ” ተባልኩ። አልጽፍም አልኩ። ይቅርታ የሚገባቸው አዴ ጫልቱ ናቸው፤ እሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ጠይቄያለሁ። “ሁለተኛ ሳታጣሪ እንዳታስተምሪ!” ብለው ገሠጹኝ። እውነታቸውን ነው።

አሁን ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። ቆርቆሮ ከሆነ፣ አራስ ወይም አስም ያለበት ካለ፣ ጭስ ሲመጣ ወዴት እንደሚሄዱ ከወዲሁ እንነጋገራለን። የአዳራሹ ትርፍ ቁልፍ እኔ ዘንድ ይሁን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። መልስ የለም። በሩን በመስበሬ የተጻፈብኝ ማስጠንቀቂያ ግን ፈጥኖ ነው የደረሰኝ፤ ፋይሌ ውስጥ ተቀምጧል።

ይቀመጥ። የሌሊሴ ልጅ ዳዴ ማለት ጀምሯል። ዘንድሮም ጭስ መጥቶ ያ በር ተቆልፎ ካገኘሁት፣ ሰብሬ እገባለሁ።