መሬት የሚቆፍረው የበቆሎ መፈልፈያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት ከሞጣ ሦስት በእጅ የሚዞሩ የበቆሎ መፈልፈያዎች ብቸና ሱቄ ደረሱ። ሁለቱን ደንበኞች ሞክረው ወሰዱ፤ አንዱ ጉድ ሆነ።

ሦስተኛውን ሊወስዱ ከየጁቤ የመጡት ወይዘሮ ጥሩነሽ ሲያዞሩት እጀታው መሬት መታ።

«ልጄ፣ ይሄ በቆሎ ይፈለፍላል ወይስ መሬት ይቆፍራል? ሐሙስ ደቦ ጠርቻለሁ እኮ» አሉኝ።

ሞጣ ላለው ብረት ሠሪ ለሰይድ ደወልኩ። ንድፉን ያስቀመጥነው ኢንተርኔት ላይ፣ በጋራ ፋይል ነው፤ እኔ ከደንበኛ የሰማሁትን እጽፋለሁ፣ እሱ በሚቀጥለው ማሽን ላይ ያስተካክላል።

«እጀታውን ማን አስረዝም አለህ?» አልኩት ቆጣ ብዬ።

«እስቲ ፋይሉን ክፈትና ማን እንደቀየረው አንብብልኝ።»

ከፈትኩት። የኔ ስም ነው። ቅዳሜ ገበያ መሀል አንድ ደንበኛ «ሲዞር ይከብዳል» ቢለኝ፣ እዚያው ቆሜ በስልኬ አሥር ሳንቲ ሜትር ጨምሬያለሁ። የማሽኑን እግር ማን አስታውሶት!

«ስለጠረጠርኩ አንዱን ብቻ ነው ባንተ ልክ የሠራሁት» አለ ሰይድ። ባይጠረጥር ሦስቱም ቆፋሪ ነበሩ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን ማሽኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ደግመው ሞከሩት። «የጎረቤቴ ማሽን ክንድ ይገነጥላል፤ ይሄ ቀላል ነው። እጀታውን እንዳትነኩብኝ» አሉ።

ሰይድ ስልኩን ሳይዘጋ ንድፉ ላይ የማሽኑን እግር አስረዘመው።

እናንተስ፣ ጥፋተኛ ስትፈልጉ የራሳችሁን ስም አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሰይድ የሚልካቸውን አራት ረጃጅም እግሮች እቀበላለሁ፤ ገጥሜ ማሽኑን በከሰዓቱ መኪና ወደ የጁቤ እልካለሁ።