የተጎዘጎዘው ዘር

ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አዲስ የተከፈተ የባንክ ቅርንጫፍ ለጉዳይ ገባሁ። የሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ትኩስ ሣር ተጎዝጉዟል። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ስዞር ጥበቃው ሳቀብኝ። «ይርገጡት እንጂ ጋሼ፣ ሣር እኮ ነው!»

ሣር እኮ ነው። ይህችን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ኮሌጅ ልጨርስ ስል ለልምምድ የተመደብኩት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የሣር ዘር ምርምር እርሻ ነበር። ለጓደኞቼ ፋብሪካና ላቦራቶሪ ሲደርሳቸው ለእኔ ሣር! የልደታ ጀለሶቼ «ከከብቶቹ ጋር እንዳትሻማ» እያሉ አሾፉብኝ። ኃላፊው ዶክተር ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጫማው ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ሰውዬ ነው። ሣር ያጠናው ምንጣፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ስብሰባ ላይ ግን ማን ይችለዋል!

እውነተኛው ሥራ የነበረው ተራ የመስክ ሠራተኛ በነበሩት በጋሽ ሽፋ እጅ ነው። ከልደታ አጠገብ የጌጃ ሰፈር ሰው ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት በአንድ ታክሲ እንሄዳለን፤ ከቤት የያዙትን ጭኮ ቆርሰው ያካፍሉኛል። ለኳስ ሜዳ የሚሆን፣ ውሃ ሳይጠጣ በጋውን የሚያልፍ ሣር ለማውጣት አራት ዓመት ለፍተዋል። በየዓመቱ ድርቁን የቻለውን ብቻ እየለዩ ዘሩን መልሰው ይዘራሉ። በዚያ ጥቅምት ያ ሁሉ ልፋት አንዲት መደብ ላይ ነበር፤ ዘር እንድትይዝ ሳትታጨድ ጉልበት ደርሳለች። ዘንድሮ ዘር ካልተገኘ መደቧ ለሌላ ሥራ ትታረሳለች ተብሏል።

«ዘሩ ሊደርስ አሥር ቀን ብቻ ቀረው» አሉኝ፣ ዛላውን በጣታቸው እየዳበሱ።

አንድ ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ድንኳን ተተከለ። የቀን ሠራተኞቹ የሚጎዘጎዝ ሣር ከየት እንግዛ ሲሉ ዶክተሩ ሳቀ።

«ሣር መሀል ተቀምጠን ሣር እንገዛለን እንዴ? አንተ፣ ረጅሙ የት እንዳለ አሳያቸው» አለኝ።

ጋሽ ሽፋ ለጁምዓ ሶላት ሄደዋል። የልምምድ ውጤቴን የሚሞላው ደግሞ ዶክተሩ ነው። መደቧን በእጄ አሳየኋቸው።

ጋሽ ሽፋ ሲመለሱ እንግዶቹ የአራት ዓመት ልፋታቸው ላይ ቆመው ለስላሳ ይጠጣሉ፤ ዶክተሩ ስለ ምርምር ጥቅም ይደሰኩራል። ጎንበስ ብለው ከአንዱ እንግዳ ጫማ ሥር ዛላ አነሱና አሹት። ፍሬው ገና ወተት ነበር፤ ለዘር አልደረሰም።

«ምነው ሽፋ? ሣር አይደለም እንዴ፣ ይበቅላል!» አለ ዶክተሩ። እንግዶቹ ሳቁ። ቱ!

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጋሽ ሽፋ «ቦታውን ማን አሳያቸው ልጄ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

አመኑኝ። የተረፈውን ጭኮ አውጥተው እንደ ልማዳቸው ቆረሱልኝ። በላሁት።

በሳምንቱ መደቧን ትራክተር ገለበጣት። ዶክተሩም ወረቀቴ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ሞላልኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ ያንን ሰውዬ ስንቀው፣ ባገኘሁት ሰው ፊት ሳጥላላው ኖርኩ። ይገባዋል፣ አሁንም እንቀዋለሁ። ግን እሱ የታጨደው የትኛው ሣር እንደሆነ እንኳ አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር።