ብርጭቆ የማይሰበርበት ላቦራቶሪ

ቨርቹዋል ላብ ከገባልን ወዲህ በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍላችን አንድም ብርጭቆ ተሰብሮ አያውቅም። ኃላፊያችን ይህን በየስብሰባው በኩራት ሲናገሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ብርጭቆ ላለመስበር ይመስለኝና ለማጨብጨብ ይቃጣኛል። ተማሪው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፤ አሲዱን በማውዝ ይጎትታል። ጠብታዋ የት መውደቅ እንዳለባት ራሷ ታውቃለች። ቢሳሳት "እንደገና ጀምር" የምትል ቁልፍ አለች። አሲዱ አያቃጥልም፣ አይሸትም። ሁሉም መቶ ከመቶ ያመጣሉ፤ እኔም ምስጉን መምህር ተብያለሁ።

እውነተኛው ላብ ከጎናችን ነበር፤ ተቆልፎ። ዕቃው ከነካርቶኑ አለ። ግን የተመዘገበው ጋሼ በምንላቸው የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ስም ነው፤ አንድ ነገር ቢሰበር ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። "ጡረታ መውጫዬ ላይ ስለ መስታወት አልከሰስም" ይላሉ። በመስኮታቸው ሥር ፋይል ታቅፎ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት የሚመላለሰውን ሕዝብ ዕለት ዕለት የሚያይ ሰው፣ ክስ ቢፈራ አይፈረድበትም።

አንድ ሐሙስ ከተመራቂዎቹ አንዷ መጣች። አባቷ ታመው ተክለ ሃይማኖት ያለውን ሱቃቸውን ከዘጉ ወዲህ ቤተሰቡ የሚጠብቀው እሷን ነው። አንድ ቀለም ፋብሪካ ደግሞ ሰኞ ለተግባር ፈተና ጠርቷታል።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ቡሬት በእጄ ይዤ አላውቅም" አለችኝ። ቡሬት ማለት ፈሳሽ በጠብታ የሚለቀቅበት፣ ከታች መክፈቻ ያለው ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው። መቶ ከመቶ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይዣት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አንድ ቡሬት ያውሱን።"

"ብትሰብረውስ?"

"በኔ ስም ይሁን።"

"በአንተ ስም እንዲሆን መጀመሪያ ከኔ ስም መውረድ አለበት። ለማውረድ ደግሞ ኮሚቴ ያስፈልጋል።"

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። ጋሼ እሷን አዩ፣ ቁልፋቸውን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የተሰበረውን ከፈለጋችሁ ግን ውሰዱ" አሉ።

ለካ ድሮ ተማሪ የሰበረው ዕቃ አይጣልም፤ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪመጣ ይቀመጣል። ኮሚቴው ደግሞ እንደ ዕለተ ምጽአት ነው፤ መምጣቱ እንጂ ቀኑ አይታወቅም። ጋሼ ካርቶኖቹን ከፈቱ። አንዱ አፉ ተሸርፏል፣ አንዱ ያንጠባጥባል፣ ሌላው በፕላስተር ታስሯል።

"የተሰበረ አይሰበርም፤ በዚህ ማንም አይጠይቀኝም" አሉ። እንዲህ ያለ ፍልስፍና ዶክትሬቴን ስሠራ እንኳን አልገጠመኝም።

አርብና ቅዳሜ እዚያው ጋሼ ዘንድ ስንሠራ ዋልን። መጀመሪያ ላይ አንድ ጠብታ ፈልጋ የቱቦውን ግማሽ ለቀቀችው። ፈዛዛ ሮዝ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ድንገት ደማቅ ሮዝ ሲሆን ጣቷ "እንደገና ጀምር"ን ፍለጋ አየር ላይ ሄደ። "እዚህ የለም" አልኳት። ዕቃውን አጥባ እንደገና ጀመረች። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ያንን የሚያንጠባጥብ ቡሬት በአውራ ጣቷ አስገብራ፣ የተፈለገችውን ፈዛዛ ሮዝ አወጣቻት። ጋሼ ከበሩ ላይ "እሰይ!" አሉ። ደስ አለኝ፤ በስንት ዓመቴ መምህር የሆንኩ መሰለኝ።

ሥራውን አገኘች። "የእነሱ ቡሬት አያንጠባጥብም ቲቸር፣ በጣም ቀለለኝ!" ብላ ደወለችልኝ። በነጋታው ሌሎች ተመራቂዎች "እኛንም የተሰበረውን ያስተምሩን" እያሉ ቢሮዬ በር ላይ ተሰለፉ።

ወሬው ኃላፊያችን ጆሮ ደረሰ። በስብሰባው ላይ ልጅቷ የቨርቹዋል ላብ ፍሬ ተብላ ተጨበጨበላት። ይህን ፍሬ እንግዶች መጥተው ሊያዩ ስለሆነም ግቢው ይጽዳ ተባለ። ስንት ዓመት የቀረው አስወጋጅ ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ከተፍ አለ። ጋሼ ፈርመው አስረከቡ፤ የተሰበረውን ዕቃ ከነካርቶኑ የጫነው መኪና ከግቢው ሲወጣ አብረን ቆመን አየነው። ተማሪዎቹም ከኋላችን ቆመው ነበር።

"አሁን ምን ቀረን ጋሼ?" አልኳቸው።

"ደህና ደህናው" አሉና የላቡን በር ቆለፉት።