ጎንበስ ብዬ ሳጠባ የያዘኝ ውጋት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ሁለተኛው ልጄ ገና ዳዴ ማለት ሳይጀምር ነው። ልጄን ለማጥባት በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ውጫሌ ነው። የልጄ አባት ጅዳ ይሠራል። የመጀመሪያ ልጃችንን ከአራስ ቤት ሳልወጣ ነው የቀበርነው። "የሰው ዐይን ነው የበላው" ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ እኔም አመንኩ። ሁለተኛው ሲወለድ ለሰው አላሳየውም ብዬ ማልኩ። ጡት ስሰጠው በሻርፕ ሸፍኜ፣ ላዩ ላይ ድፍት ብዬ ነው። ማንም ባይኖርም ያው ነው፤ በሩ ክፍት ነዋ! ዐይኔ ከደጁ አይነቀልም።

አንድ ቀን ጠዋት አጥብቼው ልነሳ ስል ሁለቱ ትከሻዎቼ መሀል ጦር የሰኩብኝ ያህል ወጋኝ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። እጄ ዛለ፤ ልጁ ሊያመልጠኝ ነው።

"ዘምዘም! ልጄን! ድረሽልኝ!"

ጎረቤቴ ዘምዘም ሮጣ ገብታ ተቀበለችኝ። ጀርባዬን እያሸች፣ "ይኼ ነገር ሳንባ እንዳይሆን እህቴ። አጎቴን እንዲሁ ብሎ ነው የጀመረው። ለልጅም ይተላለፋል ይላሉ" አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም፤ ያፈራትን ሁሉ የምትናገር ሴት ናት። እኔ ግን አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲያ እንዳልተነፍስበት ፊቴን አዙሬ ማጥባት ጀመርኩ። ውጋቱ ጭራሽ ባሰ። "ያ አላህ፣ አንዱን ወስደሃል፤ ይኼን ደግሞ በገዛ ጡቴ ልግደለው?" እያልኩ አለቅሳለሁ። አባቱ ሲደውል "ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ" እለዋለሁ።

ሐይቅ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ "ሳንባሽ ንጹሕ ነው" አለኝና ደሴ፣ ፊዚዮቴራፒ ወደሚባል ክፍል ጻፈልኝ። ንጹሕ ከሆነ ለምን ሌላ ቦታ ይልከኛል? ደብቆኛል አልኩ። ደሴ ደርሼ ክፍሉን ሳየው ደግሞ ልጄን ጥብቅ አድርጌ አቀፍኩት። የተቀመጡት ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው፣ በክራንች የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ከሆንኩ ልጄን ማን ያቅፍልኛል?

ተራዬ ደረሰ። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ልጁን እንዳየች ያለችው "ማሻአላህ" ነው፤ ትንሽ ተነፈስኩ። ጀርባዬን ነካካች፣ እጄን አስነሳችኝ፣ ከዚያ "እስቲ አጥቢው፣ ልይሽ" አለች።

"እዚህ?"

"እዚሁ።"

ሻርፔን ሳብ አድርጌ ድፍት አልኩበት። ዞር ብላ ከጎኔ አየችኝ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?"

"የሰው ዐይን ፈርቼ ነው።" ስለ መጀመሪያው ልጄም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"እሱን ሸፍኚው፣ አልከለክልሽም። አንቺ ግን አትጎንበሺ። ቀኑን ሙሉ ተኮማትረሽ የትኛው ጀርባ ይችለዋል? የሚወጋሽ ጡንቻሽ ነው፤ ትንፋሽሽን የሚይዘውም እሱ ነው። ወደ ልጁ አትውረጂ፤ ልጁን ወደ አንቺ አምጪው።"

"ታዲያ ሳንባ አይደለም? ልጄን አልገድለውም?" ስላት እንባዬ መጣ።

"አብሽሪ፤ የሚተላለፍ ነገር የለብሽም።"

ግድግዳ አስደገፈችኝ። ጭኔ ላይ ትራስ ደርባ ልጁን ከፍ አደረገችው፤ ሻርፑንም ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረገች። እየጠባ ሽቅብ ያየኛል። ጡቱን ለቀቀና ሳቀ፣ ደግሞ ያዘው። ወላሂ፣ ሲጠባ ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር! ስንት ወር ሙሉ ደጅ ደጁን ሳይ ከረምኩ።

ያሳየችኝን እንቅስቃሴ፣ ትከሻን ወደ ኋላ መሳቡን፣ ክንድን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ማንሸራተቱን፣ ቤቴ እሠራለሁ። ውጋቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ፍርሃቱ ግን አለ፤ ልጅ የቀበረች ሴት ፍርሃቷ የት ይሄዳል? ትንሽ ካስነጠሰው ልቤ ድው ይላል። አሁን ግን ልጄን እያየሁት ነው የምፈራው።